ጥይት ያልተተኮሰበት ምሽግ

ባለፈው ወር የምሽጉን ቁልፎች አስረክቤ ወጣሁ። ቁልፎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የበሩ ነው፤ ሌላው ምን እንደሚከፍት የሚያውቅ ሰው የለም። ከእኔ በፊት ጠባቂ የነበሩት ጋሽ ኦጁሉ ሲያስረክቡኝ "ይኼኛውስ?" ብላቸው፣ "አናውቅም። አብሮ ኖሯል፣ አብሮ ይኑር" ነበር ያሉኝ። እኔም በእኔ ቦታ ለተተካችው ልጅ ይህንኑ ብዬ ሰጠኋት። ስድስት ዓመት የሠራሁበት ቦታ በዚህ አለቀ።

ጡረታ የወጣሁ አይደለሁም፤ ገና ሠላሳም አልሞላኝም። ግን ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲያልፉ ያዩትን መጻፍ ደግ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። መቀመጥ ለእኔ ከባድ ነው። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ያወጡልኝ ሰዎች ያኔ ገና አላወቁኝም።

ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ መጥተው አቦቦ የቀሩ ገበሬዎች ናቸው። እዚያው ተወለድኩ፣ ከአኙዋ ልጆች ጋር የሰው ማንጎ እያወረድኩ አደግኩ፣ አሥራ ሁለተኛን ጋምቤላ ከተማ ጨረስኩ። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ጭማቂ ቤት ሦስት ወር ሠራሁ። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆንኩና አምስት ወር ቆየሁ፤ አንዱ እንግዳ ቁልፍ ስሰጠው "ፈገግ በይ እንጂ" ቢለኝ፣ "በሩ ያለ ፈገግታም ይከፈታል" አልኩት። በማግስቱ ሌላ ሥራ እየፈለግኩ ነበር። ከዚያ የቅርስ ጠባቂ የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ያመለከትነው ሁለት ሴቶች ነበርን። ሌላዋ ቦታውን አይታ በመጣችበት ባጃጅ ተመለሰች።

አልፈርድባትም። ምሽጉ ከከተማው መሃል ወረድ ብሎ ባሮ ዳር ነው። አራት የድንጋይ ግንብ፣ ጣሪያው የወደቀ አንድ ክፍል፣ ወደ ወንዙ የሚያዩ ስድስት የጠመንጃ ቀዳዳዎች፣ ጎንበስ ያላለውን ሁሉ ግንባሩን የሚል አንድ በር፣ ግቢው ውስጥ አንድ ማንጎ። በቃ። የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ባሕር በሌለበት አገር የወደብ ምሽግ ከየት መጣ ብሎ ነው። መልሱ ባሮ ነው። ባሮ ክረምት ሲሞላ መርከብ ይሸከማል። በአያቶቻችን ዘመን መርከቦች ከሱዳን ሽቅብ እየወጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፣ ቡና ጭነው ይወርዱ ነበር። ምሽጉ የተሠራው የሚመጣውን ለማየት ነው። ማን ሠራው ለሚለው ግን ሦስት ሽማግሌዎች የሰጡት ሦስት መልስ አለ፤ ሦስቱም በጋሽ ኦጁሉ ደብተር ውስጥ ተጽፈዋል።

ጋሽ ኦጁሉ አለቃዬ ነበሩ ማለት ይቀላል። ከላይ ያሉት አለቆች አራት ጊዜ ተቀያይረዋል፤ እያንዳንዱ ሲመጣ ጣሪያ አሠራላችኋለሁ ይላል፣ እኛም እናመሰግናለን፣ ከዚያ ይቀየራል። ደሞዙም ከጭማቂ ቤቱ ብዙ አይበልጥም ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ኦጁሉ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግር የሚቆጥቡ አኙዋ፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያንን ግንብ ሲጠብቁ የኖሩ።

ጠዋት ሲገቡ ሰላም የሚሉት መጀመሪያ ግንቡን ነው። የእጃቸውን ጀርባ ድንጋዩ ላይ እያስጠጉ አራቱንም ጎን ይዞራሉ። ለምን በመዳፍ አይሆንም ብዬ ጠየቅኳቸው። መዳፍ ሥራ ደንድኖበታል፣ አይሰማም፤ የእጅ ጀርባ ግን እንደ ሕፃን ነው፣ እርጥበት ያለበትን ቀዝቃዛ ቦታ ወዲያው ያውቃል አሉኝ። ቀዝቃዛ ካገኙ በከሰል ትንሽ ምልክት ያደርጋሉ። በሳምንቱ ምልክቱ ወዳለበት ተመልሰው ይነካሉ። እኔ መጀመሪያ ወር ላይ አራቱን ግንብ በሁለት ደቂቃ ዞሬ "ደህና ነው" አልኳቸው። "ግንቡ ደህና ነው ወይስ አንቺ ቸኩለሻል?" አሉኝ። እንደገና ዞርኩ። አምስት ቀዝቃዛ ቦታ አገኘሁ።

ምስጥም እንዲሁ ነው። ምስጥ ግንቡ ላይ የጭቃ መንገዱን ዘርግቶ ሳይ መጥረጊያ ይዤ ሮጥኩ። ያዙኝ። መሃሉን በጣት ርዝመት ብቻ ሰብረው ተዉት። በማግስቱ ስንመጣ የተሰበረው ተጠግኖ ነበር፤ ይህ ማለት ምስጡ ውስጥ አለ፣ ከሥሩ መፈለግ አለበት ማለት ነው። ሳይጠገን ቢያድር ኖሮ አሮጌ መንገድ ነው፣ ያኔ መጥረጊያ ይበቃዋል። በስንጥቁ የሚበቅለውን የሾላ ችግኝ ደግሞ ዝናብ ካልጣለ በቀር እንዳልነካው ከለከሉኝ። ደረቅ ላይ ከተሳበ ይበጠሳል፣ ሥሩ ውስጥ ቀርቶ ይወፍርና ድንጋዩን ይገፋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ለእኔ ከባዱ ሥራ ቆሞ ማየት ነበር።

ግንቡን የምንለጥፈው በጭቃ ነው። ስሚንቶ በግንቡ አጠገብ እንዲያልፍ አይፈቅዱም ነበር፤ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል፣ የታፈነው ውሃ ደግሞ ድንጋዩን ገፍቶ ይወጣል ይላሉ። የኩይሳ አፈር እንቆፍራለን፣ እንነፋለን፣ ከተከታተፈ ሣር ጋር በእግራችን እንረግጣለን፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍነን እናቆየዋለን። የተረፈውን አፈር ማንጎው ሥር እንከምረዋለን። ያ ክምር ዝናብ እየመታው፣ ሣር እየበቀለበት፣ ሰው የሚያህል ርዝመት ያለው ጉብታ ሆኖ ነበር። ይህን ጉብታ አስታውሱልኝ።

ከሁሉም በላይ ደብተራቸው ነበር። እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ ለሦስት ይከፍሉታል። አንዱ ላይ "ያየ"፣ ሁለተኛው ላይ "የሰማ"፣ ሦስተኛው ላይ "አናውቅም" ይላል። ስለ ምሽጉ የሚያወራ ሽማግሌ ካገኙ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፤ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላቸው፦ "ማን ነገረህ?" መልሱ ቦታውን ይወስናል። እንግዳ ሲያስጎበኙም እንደዚያው ነው። "እንዲህ ሆነ" አይሉም። "እከሌ አየሁ ብሎ ነግሮኛል፣ እከሊት ከእናቷ ሰምታለች" ነው የሚሉት። ሦስተኛው ዓምድ ከሁለቱ ይረዝማል።

ታዲያ እንግዳው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ይጠይቃል።

"እና እዚህ ማን ከማን ተዋጋ?"

"ማንም። ጥይት ተተኮሰ ያለኝ ሰው የለም።"

"ታዲያ ዘበኞቹ ምን ይሠሩ ነበር?"

"መርከብ ያያሉ። ጨው ሲራገፍ ቆመው ይጠብቃሉ። ትንኝ ይነክሳቸዋል።"

እንግዳው ፎቶ ያነሳና ይሄዳል። እኔ ደሜ ይፈላል። በሌላ አገር ያለ ምሽግ ሁሉ የጀግና ታሪክ አለው፣ የእኛው ትንኝ ብቻ!

በሁለተኛው ዓመቴ ጋሽ ኦጁሉ ታመው ክረምቱን በሙሉ ቤት ዋሉ። ብቻዬን ቀረሁ። ዝናቡ ገና ሲጀምር፣ ትምህርት ሳይዘጋ፣ አንድ ቀን የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር መጡ። ያየ፣ የሰማ እያልኩ ጀመርኩ። አንዱ አዛጋ። አንዷ ለጓደኛዋ "የፈረሰ ወፍጮ ቤት ነው" ስትላት ሰማኋት። አፌ ሲከፈት ታወቀኝ፣ ምን እንደሚወጣው ግን አላወቅኩም።

እዚህ ዘጠኝ ዘበኞች ሞተዋል አልኳቸው።

ያዛጋው ልጅ ቀና አለ። ቀጠልኩ። ባሮ የሞላ ጊዜ መብራቱን ያጠፋ መርከብ መጣ፣ ዘጠኙ በእነዚህ ስድስት ቀዳዳዎች እየተፈራረቁ ተኮሱ፣ ጥይት ሲያልቅባቸው እጅ አልሰጡም። የመጨረሻው ወጣት ነበር፣ ወደ ወንዙ እያየ ሞተ። መርከቡ ግን አላለፈም። አንድ ልጅ እጁን አወጣና "የት ተቀበሩ?" አለኝ። ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ማንጎው ሥር ያለውን ጉብታ አሳየ። ልጆቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ታሪክ ያለው ቦታ ላይ የምሠራ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ አወራሁት፤ በተወራ ቁጥር ይሻሻላል። የዚያን ጊዜው አለቃ ሰምቶ "እንዲህ ነው እንጂ!" አለኝ። ደብተሩ ላይ ግን አልጻፍኩትም። የት ዓምድ ይገባል? ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር ማለት ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ጋሽ ኦጁሉ ከዘራ ይዘው ተመለሱ። ገና በመጀመሪያው ቀናቸው፣ ግንቡን ዞረው ሳይጨርሱ፣ በር ላይ ሁለት ባጃጅ ቆመ። አንዲት አሮጊት፣ አንድ ጎልማሳ፣ ሁለት ሴቶች፣ እና የደንብ ልብስ የለበሰች ተማሪ ወረዱ። ልጅቷን አወቅኳት፤ ወፍጮ ቤት ነው ያለችው ናት። ከተማ ዘመድ ጋር እየተማረች ለዕረፍት ወደ ኢታንግ ስትሄድ፣ ስለ ዘጠኙ ዘበኞች ለአያቷ አጫውታቸዋለች። አያቷ እማማ አቻላ ናቸው። አባታቸው ኦኬሎ የዚህ ምሽግ ዘበኛ ነበሩ፤ እማማ አቻላ ትንሽ ልጅ ሳሉ አባትየው ከቤት እንደወጡ አልተመለሱም። የሞቱበትን ያወቀ የለም፣ መቃብር የለም፣ ለቅሶው ሳይለቀስ ዕድሜ ልካቸውን ኖረዋል። እንግዲህ የመጡት ሊያለቅሱ ነው።

ልጅቷ እጃቸውን ይዛ በቀጥታ ወደ ማንጎው ወሰደቻቸው። መንገዱን ማሳየት አላስፈለገኝም። እማማ አቻላ ጉብታው አጠገብ ተቀመጡ፤ ከአንገታቸው ሰማያዊ የዶቃ ሐብል አወለቁና አፈሩ ላይ አኖሩት። የእናታቸው ነበር። ሴቶቹ ቀስ ብለው በአኙዋኛ መዝሙር ጀመሩ።

ጋሽ ኦጁሉ ወደ እኔ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እዚያ ማነው የተቀበረው?" አሉኝ።

"ዘበኞች ብዬ ነበር።"

"ማን ነገረሽ?"

ደግመው ጠየቁኝ።

"ማንም" አልኩ። ቶሎ ብዬ ደግሞ፣ ይተዉት፣ አልቅሰው ይውጣላቸው፣ ማን ይጎዳል አልኳቸው። ከልቤ ነበር። አሁንም ድረስ ያ ሐሳቤ ክፉ ነበር ብዬ አላምንም፤ ሰነፍ ነበር።

"ነገ ግንቡ ጭቃ ሲፈልግ፣ አባታቸውን ቆፍረን ልንለጥፍ ነው?" አሉኝ።

ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ አስተረጉማለሁ። አልጨምርልሽም፣ አልቀንስልሽም።"

መዝሙሩ እስኪያልቅ ቆምን። ከማንጎው እስከ በሩ ሃያ እርምጃ ነው፤ ሮጬ ባጃጁ ላይ ብወጣ ማንም አይከተለኝም ነበር። ከጭማቂ ቤቱም ከሆቴሉም የወጣሁት እንደዚያ ነው። እግሬ ተንቀሳቅሶ ነበር እኮ። ግን ጋሽ ኦጁሉ አላዩኝም፤ አልጠበቁኝምም፤ ቀድመውኝ ሄደው እማማ አቻላ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። ሄጄ አጠገባቸው ተንበረከክኩ።

"እማማ፣ እዚህ የተቀበረ ሰው የለም። ዘጠኙን ዘበኞች የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። ይኼ ግንብ የምንለጥፍበት ጭቃ ነው። ተሸክሜ የከመርኩት እኔ ነኝ።"

ጋሽ ኦጁሉ አስተረጎሙ። አኙዋኛ አቦቦ ሳድግ ለምጃለሁ፣ እሰማለሁ። አንድ ቃል ቢያለሰልሱልኝ ብዬ ጠበቅኩ። አላለሰለሱም።

ጎልማሳው የእማማ አቻላ የወንድም ልጅ ነው። ብድግ ብሎ በአማርኛ "እኛ ሰው ጠፍቶብን መሬት እንፈልጋለን፤ አንቺ ሬሳ ከሜዳ ትፈጥሪያለሽ?" አለኝ። ተማሪዋ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች። ያ ከስድቡ ሁሉ በላይ ቆረጠኝ፤ አያቷን ያመጣቻቸው እሷ ነበረች። እማማ አቻላ እጃቸውን አንስተው የወንድማቸውን ልጅ አስቀመጡት። ከዚያ የተናገሩትን ጋሽ ኦጁሉ ወደ አማርኛ መለሱልኝ፤ ባይመልሱልኝም ሰምቼው ነበር።

"ጠዋት ከኢታንግ ስነሳ አባቴ መቃብር ነበረው። አሁን የለውም።"

ዶቃቸውን አነሱ። አፈሩን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው አንገታቸው ላይ መለሱት። ይሄዳሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ጋሽ ኦጁሉ ዞረው፣ ስለዚህ ቦታ የተጻፈ ነገር አለ ሲባል ሰምቻለሁ፣ የአባቴ ስም አለበት ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ኦጁሉ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አገላበጡ። ኦኬሎ የሚባል ዘበኛ አልነበረም። እንዲያውም በ"ያየ" ዓምድ ውስጥ የአንድም ዘበኛ ስም አልነበረም፤ ያዩዋቸው ሰዎች ሳይጠየቁ አልቀዋል።

"አየሁ የሚል ሰው አላገኘሁም" አሉ ጋሽ ኦጁሉ።

"እኔ አይቼዋለሁ" አሉ እማማ አቻላ።

ነገሩን። አክስታቸው ትከሻ ላይ ሆነው ነበር። ባሮ እስከ ታችኛው የድንጋይ ረድፍ ሞልቶ ነበር። አባታቸው ከቁመታቸው የሚረዝም የዘበኛ ካፖርት ለብሰዋል፣ እግራቸው ባዶ ነው። መርከቡ ሰው ጎድሎበት ነበርና ወደ ታች አብረው እንዲወርዱ ተጠሩ። እናታቸው የበቆሎ ገንፎ በቅል ይዘው ሮጡ። አባት ቅሉን ተቀበሉ፤ ክዳኑ ግን በእናትየው እጅ ቀረ። መርከቡ ሲነሳ እናትየው ክዳኑን ወደ ላይ አንስተው አሳዩአቸው፤ አባትየው ሳቁ። ክዳኑ እስከ ዛሬ ኢታንግ ቤት ውስጥ አለ። የዘጠኙን ዘበኞች ወሬ ሲሰሙ፣ ለካ አባቴ እስከ ምሽጉ ተመልሶ ነበር ብለው ነበር የመጡት።

እየነገሩን ሳሉ እጆቼ ሥራ ፈትተው ጭኔ ላይ ነበሩ። እማማ አቻላ አዩኝ። እስከዚያ ድረስ ቃላቸውን ሁሉ በጋሽ ኦጁሉ በኩል ነበር የላኩልኝ። ያኔ ራሳቸው በአማርኛ አንድ ቃል አሉኝ፦

"ጻፊ።"

ጻፍኩ። ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ስለጻፍኩ ፊደሉ ዛሬም ያስቃል። ስጨርስ አስነበቡኝ። የቅሉን ክዳን ዘልዬው ነበርና አስመለሱኝ። "ከዚያ በኋላስ ምን ሆኑ?" ብዬ ስጠይቅ፣ ጋሽ ኦጁሉ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ እማማ አቻላ በጣታቸው ሦስተኛውን ዓምድ ነኩ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ባዶውን ቦታ አወቁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል አልነበረም። ጋሽ ኦጁሉ አልተቆጡኝም፤ የመጡትን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ብቻ ሰጡኝ። ክፍል ለክፍል ዞሬ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ ዋሽቼ ነበር አልኩ። አንዳንዱ ክፍል ሳቀብኝ። አንድ ልጅ "የድሮው ይሻላል፣ እሱን ይንገሩን" አለኝ፤ መምህሩ ራሱ ሳቀ። ለአያቷ ያወራችዋ ተማሪ ክፍል የገባሁት መጨረሻ ላይ ነው። ተነሺ አልኳት፤ እሷ የሰማችውን ነው የተናገረችው፣ ጥፋቱ የነገራት ሰው ነው፣ ያ ሰው እኔ ነኝ አልኩ። አልሳቀችም። ስወጣ ግን ተከትላኝ መጥታ "ወፍጮ ቤት ያልኩት እኮ ለቀልድ ነው" አለችኝ። አለቃው ደግሞ ለምን አበላሸሽው ብሎ ወቀሰኝ። ቅሬታውን በጽሑፍ አድርግልኝ አልኩት፤ አላደረገም፣ ብዙም ሳይቆይ ተቀየረ።

ጉብታውን እኔና ጋሽ ኦጁሉ በዚያው ወር አፈረስነው። ጭቃውን ረግጠን የወንዙን ጎን ለጠፍንበት። እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም።

እማማ አቻላ በየዓመቱ ባሮ ሞልቶ ሲጎድል ይመጣሉ። አንዳንዴ ደረቅ ዓሣ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ገጹን አስነብበውኝ፣ እየሳቁ "ካፖርቱን አንብቢው" ይላሉ፤ ካፖርቱን ይወዱታል። አንድ ጊዜ ይቅር ብለውኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ጋሽ ኦጁሉ አስተርጉመው መልሱን አመጡልኝ፦ ይቅር ባልላት ኖሮ ዓሣ ይዤላት እመጣ ነበር? አመሰግናቸዋለሁ። በዚያ ቀን ቢረግሙኝ፣ እንደ ሌላው ሥራዬ ሁሉ ጥዬ እሄድ ነበር፤ እንደሚያስፈልግ ሰው "ጻፊ" ስላሉኝ ቀረሁ።

ጋሽ ኦጁሉ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆናቸው። እኔ አሁን ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ነው የምሠራው፤ ቤተሰብ የጠፋባቸውን ሰዎች እመዘግባለሁ። ቅጹ ላይ "የመጨረሻ ጊዜ የታየበት" የሚል አንድ ሳጥን አለ። እኔ ሳጥኑን በእርሳስ ለሦስት እከፍለዋለሁ። አስተባባሪዋ ይህ ምንድን ነው ስትለኝ አስረዳኋት፤ ትንሽ አሰበችና እርሳሱን ቀርፃ መለሰችልኝ። ሰው መጥቶ ወንድሜ ሞቷል ሲለኝ፣ ቀስ ብዬ፣ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል እለዋለሁ። ሰምቼ ነው ሲል ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር አውቀዋለሁ። ቸኩዬ አላልፈውም። ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ እኔ!

ምሽጉ ላይ የመጨረሻ ቀኔ፣ ከከተማው ሆቴል ጥቂት እንግዶች መጡ። ጋሽ ኦጁሉም ሊሰናበቱኝ መጥተው ከኋላ ከእንግዶቹ ጋር ቆሙ። እንግዳ ሁሉ እንደሚጠይቀው አንዱ፣ እዚህ ምን ሆነ አለኝ።

"ጥይት አልተተኮሰም" አልኩት። "ኦኬሎ የሚባል ዘበኛ ነበር። ካፖርቱ ይረዝመው ነበር። ከዚህ ዳርቻ በመርከብ ሲሄድ፣ ሚስቱ የቅሉን ክዳን አንስታ አሳየችው፤ እሱም ሳቀ።"

ማንም ካሜራውን አላነሳም። ወንዙን ነው ያዩት።

ከኋላ ጋሽ ኦጁሉ እንደማያውቅ ሰው "ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

"ልጁ፣ እማማ አቻላ። አይተዋል።"

"ከዚያስ?"

"አናውቅም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ዞር ብለው የእጃቸውን ጀርባ በጉብታው ጭቃ የለጠፍነው ግንብ ላይ አስጠጉ፣ ቆዩ፣ ወደ እኔ ሳያዩ "ደርቋል" አሉ።